ከጋዙ ወደ ቧንቧው

እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ለማቀዝቀዣ ኢንዱስትሪው ቁርጡን ነገረው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማርክ ማክሊንደን፣ ፒዮትር ዶማንስኪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኒስት፣ ሆነው ከ60 ሚሊዮን በላይ የኬሚካል ውህዶች የተመዘገቡበትን የመረጃ ቋት በኮምፒውተር አበጠሩት። የፈለጉት በኤሲ ውስጥ የሚዞረውን ጋዝ የሚተካ ውህድ ነው፤ ምድርን የማያሞቅ፣ ሰው የማይመርዝ፣ እሳት የማይዝ፣ ቧንቧ ውስጥ ሳይበላሽ ዓመታት የሚቆይ፣ ሥራውንም በአነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ። ማጣሪያው እየጠበቀ ሲሄድ 138 ቀሩ። ከእነሱም ለአነስተኛ ኤሲዎች ይሆናሉ ተብለው የተለዩት 27 ብቻ ሆኑ። ከ27ቱ ደግሞ እንከን የሌለበት አንድም አልተገኘም። አንዱ ይቀጣጠላል፣ ሌላው ይመርዛል፣ ሌላው ግፊቱ እጅግ ይበዛል፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ይበላል።

ጥናቱ ብዙ አልተወራለትም። ከዚያ ወዲህ በዘርፉ የሆነውን ለመረዳት ግን ከእሱ የተሻለ መነሻ የለም። ለዘጠና ዓመት ያህል ችግር በመጣ ቁጥር መፍትሔ የሚጠበቀው ከኬሚስቱ ነበር። አሮጌው ጋዝ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ መሣሪያው ብዙም ሳይነካ ሥራው ይቀጥላል። ያ መንገድ አሁን ወደ ማለቂያው ደርሷል። የምርምሩ ክብደት ከጋዙ ወደ ቧንቧው፣ ከሞለኪውሉ ወደ መዳብና አሉሚኒየሙ ዞሯል። ጋዙን ሞልቶ፣ ጠብቆ፣ ሲያስፈልግም መልሶ የሚሰበስበው ቴክኒሻንም ከዚህ በፊት ማንም ያልጠየቀውን ኃላፊነት እየተሸከመ ነው።

የማቀዝቀዣ ሥራ የቆመበት መሠረት ቀላል ነው። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንድ ላይ የምታሽበት አልኮል የሚቀዘቅዘው፣ ሲተን ሙቀቱን ከቆዳው ስለሚወስድ ነው። ፍሪጅም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ የተነነውን ነገር ሳያባክን መልሶ መላልሶ መጠቀሙ ነው። ፈሳሹ በውስጠኛው ቧንቧ፣ ማለትም በኢቫፖሬተሩ፣ ሲፈላ ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ተኑን ያምቀዋል። ተኑ በኋለኛው ቧንቧ፣ በኮንደንሰሩ፣ ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃል። እንግዲህ የጋዙ ጠባይ ሁሉን ይወስናል። አንድ ኪሎ አሞኒያ ተራ የአየር ግፊት ላይ ሲፈላ 1,370 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን 425 ገደማ፣ የፍሪጅ ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቁት አር-134ኤ ደግሞ 217 ገደማ። በዚህ መለኪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ የአሞኒያ ማሽኑን በሠራበት ጊዜ ባለቀ ነበር።

አሞኒያ ግን ይመርዛል። በዚያ ዘመን አብረውት ይሠራባቸው የነበሩት ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድም እንዲሁ ነበሩ፤ ፍሪጅ ካፈሰሰ ቤተሰብ ይገድል ነበር። አልበርት አይንስታይንና ሊዮ ዚላርድ ፓምፕም ሆነ ሌላ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ የሚያፈስበት ክፍተት የማይገኝበት ፍሪጅ ነድፈው በ1930 የአሜሪካ ፓተንት የተሰጣቸው ይህን አደጋ ለመሸሽ ነው። ገበያውን የወሰደው ግን ሌላ መፍትሔ ሆነ። በ1928 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ ቶማስ ሚጅሊ ከባልደረቦቹ ጋር የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ዘርግቶ የማይሆኑትን አንድ በአንድ ሰረዘ። ከባዱ ይመርዛል፣ በግራ በኩል ያለው ይቀጣጠላል፣ ጥቂቱ ብቻ በሚፈለገው ሙቀት ይተናል። የቀሩት ፍሎሪንና ክሎሪን ከካርቦን ጋር የተጣመሩባቸው ውህዶች ነበሩ። አር-12 ከዚህ ወጣ። ሚጅሊ በ1930 አትላንታ ላይ በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ስብሰባ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በሻማ ላይ ተነፈሰው፤ ሻማው ጠፋ፣ እሱም ምንም አልሆነም። በአንድ ትንፋሽ ጋዙ እንደማይመርዝም እንደማይነድም አሳየ።

የጠፋው ነገር በዚያ አዳራሽ የሚታይ አልነበረም። አር-12 አየር ላይ ሳይፈርስ መቶ ዓመት ያህል ይቆያል። ከላይ ደርሶ የፀሐይ ጨረር ሲሰብረው ክሎሪኑ የኦዞን ንጣፍን ይበላል፤ ይህን ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ በ1974 ጻፉ። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ላይ የተከፈተውን ክፍተት ይፋ አደረጉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢንዱስትሪው ክሎሪኑን አውጥቶ አር-134ኤንና አር-410ኤን አመጣ። ኦዞን ማገገም ጀመረ፤ ምድር ግን መሞቋን ቀጠለች። አንድ ኪሎ አር-410ኤ ወደ አየር ቢለቀቅ በመቶ ዓመት ውስጥ የሚያደርሰው ሙቀት ከ2,088 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። በቀዝቃዛ መጋዘኖችና በሱፐርማርኬቶች የተለመደው አር-404ኤ 3,922 ይደርሳል። አሥር ኪሎ የያዘ አንድ የቀዝቃዛ ክፍል ጋዙ ቢያልቅበት ወደ 39 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተለቀቀ ያህል ነው። በጥቅምት 2016 ኪጋሊ ላይ የተደረሰው የሞንትሪያል ስምምነት ማሻሻያ እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ያለመ ነው፤ ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ ውሏል።

ሞለኪውሉን በሚመለከት ያለው አጣብቂኝ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ጋዝ ምድርን እንዳያሞቅ ከተፈለገ አየር ላይ ቶሎ መፍረስ አለበት። ቶሎ የሚፈርስ ሞለኪውል ደግሞ በቀላሉ ይቃጠላል። ቧንቧ ውስጥ ለሃያ ዓመት እንዲጸና፣ ከቧንቧው እንደወጣ በቀናት ውስጥ እንዲበታተን የሚጠየቀው አንዱ ነገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ አካል ማስማማት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የኒስት ጥናት በቁጥር አሳየ። ለመኪና ኤሲ የተሠራው አር-1234ዋይኤፍ የዚህ ምሳሌ ነው። በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ድርብ ትስስር አየር ላይ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እንዲፈርስ ያደርገዋል፤ የቀደመው አር-134ኤ 14 ዓመት ገደማ ይቆያል። ግን በመጠኑ ይቀጣጠላል። የጀርመኑ ዳይምለር በ2012 ባደረገው ሙከራ ጋዙ ትኩስ ሞተር ላይ ሲረጭ እሳት ተነሣ፤ ኩባንያውም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊቱን አዞረ። ሌላም አለ። አር-1234ዋይኤፍ ሲፈርስ ወደ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ይለወጣል፤ ይህ አሲድ በዝናብ ወርዶ ውኃ ውስጥ ይከማቻል፣ የሚያፈርሰውም ነገር ብዙ የለም። ጀርመንና ዴንማርክን ጨምሮ አምስት የአውሮፓ አገሮች በ2023 መጀመሪያ ባቀረቡት ሰፊ የእገዳ ሐሳብ ውስጥ እነዚህ ፍሎሪን ያለባቸው ጋዞችም ተካትተዋል። አንድ ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ መቆፈሩ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይደገም ከአሁኑ መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ በሚጅሊ ጊዜ የተጣሉት ተመለሱ። አሞኒያ ከትልልቅ መጋዘኖችና ከቢራ ፋብሪካዎች ለነገሩ ወጥቶም አያውቅም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ኖርዌያዊው ጉስታቭ ሎሬንትሰን በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ የዑደት አሠራር ነድፎለት ቀሰቀሰው። በ1993 ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን ሳክሶኒ ውስጥ የሚገኝ ሊዘጋ የተቃረበ ፋብሪካ ከግሪንፒስ ጋር ሆኖ በፕሮፔንና አይሶቡታን የሚሠራ ፍሪጅ ለገበያ አወጣ። ዛሬ በመላው ዓለም በየቤቱ የሚሠሩት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፍሪጆች አይሶቡታን፣ በሙያው ስም አር-600ኤ የያዙ ናቸው። በኢትዮጵያ ገጠር ጤና ተቋማት ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል የሚጠብቁት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፍሪጆችም ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ጋዝ ነው።

ፕሮፔንና አይሶቡታን ምድርን የማሞቅ አቅማቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ ሙቀት በመሸከምም ጎበዞች ናቸው። የሚከሰሱበት አንድ ነገር ነው፦ እንደ ማብሰያ ጋዝ ይነዳሉ። ፕሮፔን በክፍል አየር ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ከሆነ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ከ38 ግራም ገደማ ከደረሰ፣ ብልጭታ ይበቃዋል። የፍሪጅ አይሶቡታን ብዙውን ጊዜ ከ70 ግራም አይበልጥም፤ አደጋው ትንሽ ነው። ኤሲ ግን አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ጋዝ ለምዷል። ጥያቄው ያኔ ተለወጠ። ከእንግዲህ የሚፈለገው የማይነድ ጋዝ አይደለም፤ የሚነደውን ጋዝ እጅግ በጥቂቱ ይዞ ያንኑ ቅዝቃዜ የሚያወጣ ብረት ነው።

የሙቀት ዝውውር ምርምር የዓመታት ሥራ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ የኢቫፖሬተር ቧንቧ ውስጥ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጋዙ ሲገባ አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ አረፋዎች ከግድግዳው እየተነሡ ይወጣሉ። ጥቂት ሲጓዝ ተኑ ይበዛና ይፈጥናል፤ ፈሳሹን ወደ ዳር ገፍቶ በግድግዳው ዙሪያ ስስ ሽፋን ያደርገዋል፤ ተኑ በመሐል ይሮጣል። ሙቀት በደንብ የሚያልፈው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር ከብረቱ ወደ ጋዙ የሚደረገው ጉዞ ያጥራል። ከዚያ ሽፋኑ ይቆረሳል። ቧንቧው አግድም ከሆነ መጀመሪያ የሚደርቀው ላይኛው ጎኑ ነው፤ የመሬት ስበት ፈሳሹን ወደ ታች ስለሚስበው። ደረቁ ግድግዳ ተን ብቻ ስለሚነካው የሙቀት ዝውውሩ ባንዴ ይወርዳል፤ የቀረው የቧንቧ ርዝመት መዳብ ከመፍጀት በቀር የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው። በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ካታን፣ ቶም እና ፋቭራ በ1998 ያሳተሙት ሥራ ይህን የፍሰት ለውጥ በካርታ መልክ አስቀምጦ፣ አንድ መሐንዲስ ቧንቧውን ሳይቆርጥ በየትኛው ነጥብ ላይ ፈሳሹ ግድግዳውን እንደሚለቅ እንዲያሰላ አስችሏል።

የጃፓን መሐንዲሶች በ1970ዎቹ መጨረሻ የመዳብ ቧንቧን ውስጡን በጠመዝማዛ ጥቃቅን መስመሮች ቀርጸውት ነበር። የመስመሮቹ ከፍታ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ቧንቧውን በጣት ሲዳስሱት ውስጡ ሻካራ መሆኑ ብቻ ይታወቃል። ጎድጓዶቹ ፈሳሹን ወደ ላይኛው ግድግዳ ጎትተው ያርከፈክፉታል፤ ድርቀቱ ይዘገያል፣ የሙቀት ዝውውሩም ለስላሳ ከሆነው ቧንቧ በሁለትና በሦስት እጥፍ ያድጋል። ከዚያም የቧንቧው ስፋት ከ9.5 ሚሊሜትር ወደ 7፣ ከ7 ወደ 5 ወረደ። የቧንቧው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ በውስጡ የሚይዘው ጋዝ ወደ ሩብ ይወርዳል። የመኪና ኮንደንሰር ከዚህም አልፎ ሄዷል፤ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ሪባን ሆኖ በውስጡ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ብዙ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ በአንድ ቁጥር ሊጠቃለል ይችላል። በጀርመን ፍራይቡርግ የሚገኘው የፍራውንሆፈር የፀሐይ ኃይል ተቋም በቅርብ ዓመታት ባካሄደው ፕሮጀክት፣ 124 ግራም ፕሮፔን ብቻ የያዘ የሙቀት ፓምፕ (ያንኑ ዑደት ለማሞቂያ የሚጠቀም መሣሪያ) 12.8 ኪሎዋት የማሞቂያ ኃይል እንዲያወጣ አድርጓል። ለአንድ ኪሎዋት አሥር ግራም እንኳ አይሞላም። 124 ግራም ፕሮፔን ከአንድ ትንሽ የካምፕ ምድጃ ጣሳ ጋር የሚቀራረብ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽንም በ2019 ለንግድ ማቀዝቀዣዎች የሚፈቀደውን ተቀጣጣይ ጋዝ ከ150 ወደ 500 ግራም አሳድጎ፣ ለኤሲ ደግሞ በ2022 እስከ 988 ግራም በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። ሕጉ ሊላላ የቻለው ቧንቧው ስለጠበበ፣ መፍሰስን የሚያውቁ መሣሪያዎችም ስለመጡ ነው።

እውነቱን ለመናገር በአብዛኛው ኤሲ ውስጥ ትልቁ ማነቆ በጋዙ በኩል ሳይሆን በአየሩ በኩል ነው። በሚፈላ ጋዝና በመዳብ መካከል ሙቀት እንደ ልቡ ያልፋል፤ በመዳብና በአየር መካከል ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይዳከማል። በቧንቧው ላይ የሚደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ በአንድ ተኩል ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት የሚቀመጡት፣ ይህን ጉድለት በስፋት ለማካካስ ነው። የአቧራ ጉዳትም ከዚህ ይመጣል። ቅጠሎቹ መሐል የተጠቀጠቀ አቧራና የታክሲ ጭስ የኮንደንሰሩን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ባሳደገ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ከ2 እስከ 3 በመቶ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለ አዲስ ጋዝ ብዙ ይጻፋል፤ ኮንደንሰር በውኃና በብሩሽ ስለ ማጠብ ግን አይጻፍም። የኋለኛው ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር ነው።

ሌላው ፈተና ሙቀት ራሱ ነው። እያንዳንዱ ጋዝ ከዚያ በላይ ከሞቀ ምንም ያህል ቢታመቅ ፈሳሽ የማይሆንበት ልክ አለው። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ 31 ዲግሪ ነው፤ ለአር-410ኤ 71 ገደማ፣ ለፕሮፔን 97 ገደማ፣ ለአሞኒያ 132። ወደዚህ ልክ በተቃረበ ቁጥር ጋዙ ፈሳሽ ሲሆን የሚለቀው ሙቀት ይመነምናል። በሐምሌ 2016 ኩዌት ውስጥ ሚትሪባ በተባለ ቦታ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ቀን በጣሪያ ላይ የተቀመጠ ኤሲ ሙቀቱን ለመጣል ከ60 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ አር-410ኤ ያኔ ትንፋሽ ያጥረዋል። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ኤሲዎችን እስከ 55 ዲግሪ ባለው የውጭ ሙቀት ሲፈትሽ፣ ፕሮፔን በኤሌክትሪክ ቁጠባ ከአሮጌው የኤሲ ጋዝ ከአር-22 እንደማያንስ፣ እንዲያውም እንደሚበልጥ ታይቷል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በኪጋሊ ድርድር ከሌላው ታዳጊ አገር አራት ዓመት የዘገየ መጀመሪያ፣ ማለትም 2028ን የጠየቁትና ያገኙት ይህን ሙቀት አንሥተው ነው። በዱባይ፣ በሪያድና በኩዌት ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የኤሲ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ኪጋሊ ላይ ከፍተኛ ሙቀት አለባቸው ተብለው ልዩ ፈቃድ የተሰጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ጅቡቲ፣ ኤርትራና ሱዳን አሉ፤ ኢትዮጵያ የለችም። መለኪያው የአገሪቱን አማካይ ሙቀት የሚያይ ስለሆነ ደጋው ቆላውን ሸፈነው። ሰመራና ጋምቤላ ግን ደጋ አይደሉም። የእነዚህ ከተሞች ሆቴሎችና ሆስፒታሎች የሚገጥሙት መሣሪያ ለአዲስ አበባ አየር ከተመረጠው የተለየ መሆን እንዳለበት የግዥ ሰነዶች በግልጽ ቢጽፉ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ኮምፕሬሰር ይተርፍ ነበር።

ደጋው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ በማኑዋሎች ውስጥ እምብዛም አይነሣም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየር ግፊቷ 0.77 ባር ገደማ ነው፤ ጅቡቲ ላይ 1.01 ነው። የቴክኒሻኑ ጌጅ የሚያሳየው የቧንቧው ግፊት ከአካባቢው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። አንድ ጠጋኝ የአር-134ኤ ፍሪጅ ሞልቶ የመሳቢያው ጌጅ 1 ባር ሲያሳየው፣ ጅቡቲ ላይ ከሆነ ጋዙ የሚፈላው በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው መርፌ፣ ያው 1 ባር፣ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ማለት ነው። ሦስት ዲግሪ ለተራ የቤት ፍሪጅ ላያስጨንቅ ይችላል፤ ለክትባትና ለአበባ ያስጨንቃል። ቫኪዩም ሲሳብም እንዲሁ ነው። በባሕር ዳርቻ የተጻፈ መመሪያ መርፌው 30 ኢንች እስኪደርስ ጠብቅ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ መርፌው ከ23 አይዘልም፤ የሚስበው አየር ራሱ ከዚያ በላይ አይደለምና። ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው አለ፤ ደርሷል ብሎ እርጥበት እንዳለ ትቶ ጋዝ የሚሞላም አለ። ከሁለቱም የሚያድነው ፍጹም ግፊትን በማይክሮን የሚያነብ ዲጂታል መለኪያ ነው። ስሱ አየር የኮንደንሰሩን ማራገቢያም ያደክመዋል፤ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ይህንን ይክሰዋል።

ጋዙን መቀላቀልም የራሱ ችግር አለው። ብዙዎቹ አዳዲስ ጋዞች የሁለትና የሦስት ጋዞች ቅልቅል ናቸው፤ እነዚህም በአንድ ሙቀት ሳይሆን በሙቀት ክልል ውስጥ ይፈላሉ። ቀላሉ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ይዘገያል። ቧንቧው ቢያፈስ ቀላሉ ይበልጥ ይወጣል፤ የቀረው ሌላ ጋዝ ነው ማለት ይቻላል። የጎደለውን ብቻ እየጨመረ መሙላት የለመደ ጠጋኝ በእነዚህ ላይ ይሳሳታል። መጀመሪያ የቀረውን ሁሉ መሰብሰብ፣ ከዚያ በሚዛን መዝኖ በፈሳሽ መልክ መሙላት ነው የሚያስፈልገው።

ከሁሉ የከፋው ሐሰተኛ ጋዝ ነው። በ2011 በአር-134ኤ ስም የተሸጠ፣ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ጋዝ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ውስጥ ገባ። ሜቲል ክሎራይድ አሉሚኒየም ሲነካ አየር ባገኘ ቅጽበት የሚነድ ውህድ ይፈጥራል። በቬትናምና በብራዚል ኮንቴይነሮች ሲጠገኑ ፈንድተው ሠራተኞች ሞቱ። ጋዝ ውድ ሆኖ ቁጥጥር ሲላላ የሚመጣው ይህ ነው፤ የኪጋሊ ቅነሳ ዋጋ እያስወደደ ሲሄድ ፈተናው አይቀንስም። ጋዝ ሲገባ የሚለይ መሣሪያ በጉምሩክ መኖሩ የምርምር ጉዳይ አይደለም ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ከሌላው አገር የበለጠ ክብደት የሚያገኝበት ምክንያት አለ። ኤሌክትሪካቸውን ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጩ አገሮች የአንድ ኤሲ ትልቁ ጥፋት የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚያፈስሰው ጋዝ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ ከዘጠና በላይ ከውኃ ኃይል የሚገኝ ስለሆነ ሚዛኑ ይገለበጣል። እዚህ አገር ጠጋኙ ቧንቧውን ከፍቶ ወደ አየር የሚለቀው ጋዝ፣ ኤሲው በዓመታት ከሚበላው ኤሌክትሪክ የበለጠ ምድርን ሊያሞቅ ይችላል። መሰብሰቢያ ማሽንና ባዶ ሲሊንደር ለአንድ የጥገና ሱቅ ውድ ዕቃ ነው፤ ግን የአየር ንብረት ገንዘብ ከሚፈለግባቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል በቀጥታ የሚታይ ውጤት የሚሰጥ ማግኘት ይቸግራል።

ጋዝ ጨርሶ የሌለበት ማቀዝቀዣም እየተመረመረ ነው፤ ሲለጠጥ የሚሞቅ፣ ሲለቀቅ የሚቀዘቅዝ ብረት፣ በግፊት ሙቀቱ የሚለወጥ ጠጣር። ሥራው ደስ ይላል። ነገር ግን የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በ2018 እንደገመተው ያኔ 1.6 ቢሊዮን የነበረው የኤሲ ብዛት በ2050 5.6 ቢሊዮን ይደርሳል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ በሚፈላ ፈሳሽ የሚሠሩ እንደሚሆኑ መጠራጠር ይከብዳል።

ጋራዦችም ከዚህ ለውጥ ውጭ አይደሉም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየከተማው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። በእነዚህ መኪኖች የኤሲው ጋዝ ሹፌሩን ብቻ ሳይሆን በብዙዎቹ ባትሪውንም ያቀዘቅዛል፤ ኮምፕሬሰሩም በከፍተኛ ቮልቴጅ በራሱ ሞተር ይሠራል። በነዳጅ መኪና የተለመደው የኮምፕሬሰር ዘይት ኤሌክትሪክን በበቂ ስለማይከላከል፣ ለእነዚህ የሚፈለገው ሌላ ዓይነት ዘይት ነው። ሁለቱን መቀላቀል የመኪናውን የኤሌክትሪክ መከላከያ ያሳሳል፣ አንዳንዱ መኪናም ጨርሶ አልነሣም ይላል። የሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን በሥርዓተ ትምህርታቸው ማስገባት ያለባቸው መኪናው ገበያውን ከሞላ በኋላ ሳይሆን አሁን ነው።

በኪጋሊ መርሐ ግብር ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ባሉበት ምድብ ፍጆታው በ2024 ባለበት እንዲቆም ተደርጓል፤ በ2029 ከመቶ 10፣ በ2035 ከመቶ 30፣ በ2040 ከመቶ 50፣ በ2045 ከመቶ 80 መቀነስ አለበት። አንድ ሆቴል ዛሬ የሚገዛው የአር-410ኤ ኤሲ በደንብ ከተያዘ አሥራ አምስት ዓመት ያገለግላል። በመጨረሻ ዓመቶቹ ቢያፈስና ጋዝ ቢያስፈልገው የሚያገኘው ወደ ግማሽ እየወረደ ካለ አቅርቦት ውስጥ ተሻምቶ፣ ያኔ በሚሆነው ዋጋ ነው። የኤሲ ግዥ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችና ባለሆቴሎች በመሣሪያው ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ምልክት፣ የጋዙን ስምና ግራሙን የምትናገረውን፣ ከዋጋው እኩል ማንበብ መጀመር ያለባቸው ለዚህ ነው።